የጭልፋው ክስ

በሁለት ሺህ ሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ ይበልጣል የሚባል የፍኖተ ሰላም የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ሕንድ አገር ድረስ ሄዶ ጭልፋ ሰረቀ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ማብራሪያ ነው፤ ማብራሪያው ግን ደስ ስለሚል ተቀምጣችሁ ስሙት።

ይበልጣል የሚተዳደረው በፓምፕ ቢሆንም ስሙ የሚነሳው በሚዜነቱ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ አንደኛ ሚዜ ሆኗል። በእነሱ አገር ደግሞ አንደኛ ሚዜ ሙሽሪትን ሊያመጣ ሲሄድ ከቤቷ አንድ ነገር ሰርቆ ካልወጣ ሚዜ አይባልም። ይበልጣል ዶሮ ሰርቋል፣ የድስት ክዳን ሰርቋል፤ አንዴማ የሙሽሪት አያት ሊመርቁ ብድግ ሲሉ የተቀመጡበትን በርጩማ ይዞ ሄዷል፤ ሽማግሌው ተመልሰው ሊቀመጡ ሲሉ የሆነውን እናንተው ገምቱት። የተሰረቀው ዕቃ የሚገባው አዲሶቹ ተጋቢዎች ቤት ነው። ባዶ እጁን የወጣ ሚዜ እስኪሞት ይወራበታል። ለምኖ የተሰጠውማ አገር ቢለቅ ይሻለዋል።

አሁን የሚያገባው አብሮ አደጉ ኪሩቤል ነው። ኪሩቤል ለትምህርት ጉጃራት ሄዶ፣ እዚያው ሥራ ይዞ፣ ቫዶዳራ በምትባል ከተማ ኬታኪ የምትባል ልጅ ወድዶ፣ አግብቷት ወደ ባሕር ዳር ሊመለስ ነው። ከአገር ቤት አሥራ ሁለት ሰው ሄደ፤ አምስት ሚዜና ሰባት ዘፋኝ ሴቶች። የሴቶቹ አለቃ የኪሩቤል አክስት ይታይሽ ናት። ከበሮዋን ለጭነት አልሰጥም ብላ ሙሉውን በረራ ታቅፋው ሄደች።

የመጀመሪያው ቀን ራት ላይ ይበልጣል አንድ ነገር ታዘበ። የቤቱ ሰዎች ዕቃ ሲቀባበሉ አንዲት ቃል አትለያቸውም። የሙሽሪት እናት ኢላ ቤን ቂጣውን ስታቀብል «ፈቅጃለሁ» ትላለች። አባትዬው ሃስሙክ ባይ ጨው ሲያሳልፉ «ፈቅጃለሁ» ይላሉ፤ ቤንና ባይ የእነሱ እትዬና ጋሼ ናቸው። ውሃው፣ ማንኪያው፣ የእጅ ፎጣው ሁሉ «ፈቅጃለሁ» ነው። የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸው እንኳ የነከሰችውን ጣፋጭ ለይበልጣል ስትዘረጋለት «ፈቅጃለሁ» አለችው፤ በጆሮው የሰካው አስተርጓሚም ቃሉን በአማርኛ ደገመለት። ሲቆጥር ሃያ ሰባት ላይ ሲደርስ ደከመውና ተወው።

በዚያች ከተማ ዕቃ የማን እንደሆነና በማን እጅ እንዳለ ራሱ ይናገራል። ቃል ሳይሰጥበት ከእጅ ወደ እጅ ከሄደ ለመዝገቡ ይነግራል። መዝገቡ ደግሞ በየግድግዳው ውስጥ ሆኖ የሚሰማና የሚናገር ማሽን ነው፤ ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም ዳኛም እሱ ነው። በር የሚቆልፍ የለም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ዕቃ እንኳ አልተሰረቀም። ሰዎቹ ደስተኞች ናቸው፤ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ባልና ሚስት ሌሊት ብርድ ልብስ ሲሻሙ በእንቅልፍ ልባቸው «ፈቅጃለሁ» ይባባላሉ ይባላል።

እነሱም ዘንድ የሠርግ ስርቆት አለ። የሙሽሪት እህቶች የሙሽራውን ጫማ ይደብቃሉ። አሁን ግን ሙሽራው ከሦስት ቀን በፊት «ጫማዬ እንዲሰረቅ ፈቅጃለሁ» ብሎ ይፈርማል። ይበልጣል ይህን ሲሰማ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ተፈርሞ የሚሰረቅ ስርቆት! እንዴ፣ ይሄማ ርክክብ ነው!»

«ይቤ፣» አለው ኪሩቤል እጁን ይዞ፣ «እዚህ አገር ተው። በእናትህ። አንድ ቀን ብቻ ሰው ሁን።»

«እሺ» አለ ይበልጣል።

እሺ ማለት ይበልጣል ዘንድ ሰምቻለሁ ማለት እንጂ እተዋለሁ ማለት አይደለም። ኪሩቤልም ይህን ማወቅ ነበረበት፤ ሙሽራ ግን አእምሮው ሌላ ቦታ ነው።

በሠርጉ ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው በሰው ተሞላ። ኢላ ቤን ማድ ቤት ገብታ ቂጣ በዘይት ትጠብሳለች። በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ረጅም እጀታ ያለው የነሐስ ጭልፋ ተቀምጧል፤ ከማገልገል ብዛት አፉ በአንድ ወገን ተበልቷል። አራቱ ሚዜዎች በሩን ሞልተው እየተሳሳቁ ቆሙ። ይታይሽ ከበሮዋን መታች፣ ሴቶቹ አጨበጨቡ። ይበልጣል በመካከላቸው ሾልኮ ገባና ጭልፋውን ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ወጣ። ከደጃፉ ሁለት እርምጃ እንደራቀ የግቢው ግድግዳ ተናገረ።

«ደህና አደሩ፣ አቶ ይበልጣል» አለ፤ ድምፁ ትሕትና የተሞላ ነው። «በኮትዎ ውስጥ ያለው የነሐስ ጭልፋ የወይዘሮ ኢላ ነው። ፈቃድ አልሰማሁም። እርስዎ ሰምተው ከሆነ ይንገሩኝ።»

መውጫ በሩ ያን ጊዜ ወለል ብሎ ተከፍቶለት ነበር። «ቀልድ ነው» ቢል ያበቃ ነበር። ግን አራት ሚዜና ሰባት ሴት አፍ አፉን ያዩታል፤ ይህን ታሪክ ፍኖተ ሰላም ተመልሰው የሚያወሩት እነሱ ናቸው።

«የምን ፈቃድ?» አለ ጭልፋውን መዝዞ ወደ ላይ እያነሳ። «ሰርቄ ነው! ይበልጣል ነኝ፣ ሰርቄ ነው!»

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

«አመሰግናለሁ» አለ ግድግዳው። «ተመዝግቧል።»

በይበልጣል እግር ዙሪያ መሬቱ ላይ ቢጫ ክብ ተሰመረ። የግቢው በር ተዘጋ። እንግዶቹ ይህን ሲያዩ ወደ ኋላቸው ሸሸት አሉ፤ ብዙዎቹ ቢጫ ክብ በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

«ተጠርጣሪ ይበልጣል፣» አለ መዝገቡ፣ «ጭልፋውን ሲወስዱ አጠገብዎ ስንት ሰው ነበር?»

«አራት ጓደኞቼ። በሩን ያዙልኝ። ጀግኖች ናቸው!»

«ከእርስዎ ጋር አምስት። አምስትና ከዚያ በላይ ሰው ለአንድ ጥፋት ሲተባበር ሕገ ወጥ ስብስብ ይባላል። አመሰግናለሁ።» አራት ተጨማሪ ክቦች መሬቱ ላይ ተሰመሩ። «እልል ያሉት ሰባቱ ወይዛዝርት በአነሳሽነት ተይዘዋል።»

«እልልታ ወንጀል ሆነ?» አለች ይታይሽ ከበሮዋ ላይ ተደፍታ። «በሞትኩት! ጉድ በል ጎጃም!»

በዚህ መሐል ሃስሙክ ባይ ቀይ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ እየሮጡ መጡ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ጠበቃ ነበሩ። መዝገቡ ከተተከለ ጀምሮ ግን ለሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሰው ጉዳዬን ያዙልኝ ብሎ ደጃቸውን አልመታም። ወደ ይበልጣል ቀርበው ጆሮው ላይ ሊጮኹ ምንም አልቀራቸውም።

«አንተ ሰው፣ አፍህን ዝጋ! በተናገርክ ቁጥር አንድ አንቀጽ እየጨመርክ ነው!»

«ጋሼ ሃስሙክ፣ ተጠርጣሪ አለኝ እኮ! ሰርቄ ነው እያልኩት ምኑን ነው የሚጠረጥረው?»

«ተጠርጣሪ ማለት ገና ምንም አይደለህም ማለት ነው። ከዚያ ተከሳሽ አለ፣ ከተከሳሽ በኋላ ጥፋተኛ አለ። አንተ ሦስቱን ደረጃ በአንድ ዝላይ ልትወጣ ነው!»

መዝገቡ በዚያው ትሕትናው የቀረውን ነገራቸው። ከሠርገኛው መካከል ያልተዘጋ ክስ ያለበት ሰው ካለ ጋብቻው አይመዘገብም። የቤቱ ካህን ደግሞ ለጋብቻው የሚሆነውን መልካም ሰዓት ቆጥረው አስቀምጠዋል፤ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ አምስት ከአርባ ሲሆን ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው መልካም ሰዓት ከአራት ወር በኋላ ነው። ኪሩቤል የሥራ ውሉ በዚያ ሳምንት ያበቃል፤ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ።

ኪሩቤል በአበባ ያጌጠ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ይበልጣልን አየው። ይበልጣል ያን አስተያየት ሲያይ ጭልፋውን ሊመልስ እጁን ወደ ማድ ቤቱ ዘረጋ፤ እጁ ከክቡ አልፎ አልወጣ አለ።

«ዋስ እንሆናለን!» ብለው አራቱ ሚዜዎች በአንድ ድምፅ ጮኹ።

«ተጠርጣሪ ለተጠርጣሪ ዋስ አይሆንም» አለ መዝገቡ።

ኢላ ቤን ዱቄት የነካው እጇን እያራገፈች ከማድ ቤት ወጣች። «ይውሰደው!» አለች። «ፈቅጃለሁ! መቶ ጊዜ ፈቅጃለሁ!»

«አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ኢላ። ከድርጊቱ በኋላ የሚሰጥ ፈቃድ ይቅርታ ይባላል። ይቅርታ መልካም ነው። ሦስት ቀን ይፈጃል።»

ሰዓቱ አራት ተኩል ሆነ። እንግዶቹ ሲያዩት ክቡ ሰው አይበላም፤ ስለዚህ ተራ በተራ እየመጡ ለይበልጣል ጣፋጭና የተጠበሰ ቂጣ ያጎርሱት ጀመር። እያንዳንዱ ጉርሻ «ፈቅጃለሁ» ተብሎበታል። ይበልጣል በላቸው፤ ተከሶም ቢሆን ጉርሻ አይገፋም።

ሃስሙክ ባይ ወደ ቤት ገብተው ሲመለሱ በሠርግ ልብሳቸው ላይ ጥቁር ካባቸውን ደርበው ነበር። የብል መከላከያው ሽታ ግቢውን ሞላው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የጎበጡት ሰውዬ ወገባቸው ቀና ብሏል። ኬታኪ በቀይ ልብሷ ውስጥ ሆና «አባዬ!» ብላ አፏን ያዘች።

«ለተጠርጣሪው እኔ ቆሜያለሁ» አሉ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ጠበቃ ሃስሙክ» አለ መዝገቡ። «ብዙ ጊዜ ሆነዎት።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስርቆት ማለት አራት ነገር ነው። የሚንቀሳቀስ ዕቃ መሆኑ፣ ከሌላ ሰው ይዞታ መውጣቱ፣ ባለይዞታው አለመፍቀዱና ያልተገባ ጥቅም ለማግኘት ወይም ያልተገባ ጉዳት ለማድረስ ታስቦ መወሰዱ ነው። አንዱ ከጎደለ ስርቆት የለም። ጭልፋው ተንቀሳቅሷል። ከቤቴ ወጥቷል። ሐሳቡን ልጠይቅ።» ወደ ይበልጣል ዞሩ። «ልጄ፣ አስበህ መልስልኝ። ይህን ጭልፋ በመውሰድህ ምን ጥቅም አገኘህ? ምንም። አይደለም?»

«እንዴት ምንም? ክብር ነዋ!»

ሃስሙክ ባይ ግንባራቸውን ያዙ።

«ክብር ጥቅም ይባል እንደሆነ እያጣራሁ ነው» አለ መዝገቡ።

«ቆይ፣ ጋሼ፣ ልጨርስ» አለ ይበልጣል። ዓይኑ ኪሩቤል ላይ ነበር፤ ድምፁም የፉከራ ድምፅ አልነበረም። «ክብሩ የእኔ ነው፣ አልክድም። ዕቃው ግን ለእኔ አይደለም። ሙሽሪት ሩቅ አገር ትሄዳለች። ሲነጋ ሰው ቤት ትነሳለች፤ ድስቱ አዲስ፣ ማንኪያው አዲስ፣ ሰዉ አዲስ። ሁሉም የተሰጣት ነው። እንግዲህ በዚያ ሁሉ መሐል ከእናቷ ቤት የመጣ፣ ማንም ያልሰጣት፣ ማንም በስጦታ ዝርዝር ያልጻፈው አንድ አሮጌ ነገር ስታገኝ ልቧ ይረጋል። እኛ የምንሰርቀው ለዚህ ነው። ከተሰጠማ ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ ሞልቷታል። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ኬታኪ አለቀሰች፤ የተኳለችው ኩል ጉንጯ ላይ ወረደ። ኢላ ቤን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ጭልፋውን ታያለች፣ ልጇን ታያለች።

«ዓላማው መልካም ነው» አለ መዝገቡ። «ሆኖም ጭልፋው የኬታኪ አይደለም። ባለቤቷ ሳትፈቅድ ካጣችው ያልተገባ ጉዳት ደርሶባታል። አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል፤ ውሳኔ ልስጥ?»

«ፈቃድ!» አሉ ሃስሙክ ባይ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው። «የቀረኝ ፈቃድ ነው። የሕጉን ትርጉም አንብብልኝ፤ ሙሉውን፣ እስከ መጨረሻው።»

«ፈቃድ በቃል ይገለጻል፤ ወይም ከሁኔታው ይታወቃል።»

«ድገመው!»

«ወይም ከሁኔታው ይታወቃል። ይህ ሁለተኛው ክፍል በዚህች ከተማ ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀሰው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ሰዎች መናገር ስለለመዱ አላስፈለገም። አልተሻረም ግን።»

ሃስሙክ ባይ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል። ጥያቄውን ሲጠይቁ መልሱን የሚያውቁ አይመስሉም ነበር።

«ኢላ። ይህ ሰው ጭልፋሽን ሲያነሳ አይተሽዋል?»

ኢላ ቤን ልጇን አንዴ አየቻት።

«አይቼዋለሁ» አለች።

«ምን አልሽው?»

«ምንም። ዝም አልኩ።»

«እጅሽን ብትዘረጊ ትይዥው ነበር?»

«እይዘው ነበር። አልያዝኩትም።»

«ለምን?»

«ፈቅጃለሁ ብል ስጦታ ይሆንባታላ!» አለች ኢላ ቤን፤ አሁን እሷም እያለቀሰች ነበር። «ስጦታ ሞልቷታል አላለም እንዴ ሰውየው? ሃያ አራት ዓመት ያሳደግኳትን ልጅ ሲወስዱብኝ ቆሜ እያየሁ፣ ለጭልፋ ነው አፍ የማወጣው?»

መዝገቡ ማጣራት ጀመረ። ጣፋጭ የያዙት እንግዶች ማኘክ አቆሙ። አምስት ሰዓት ከሠላሳ ሆነ፣ ከሠላሳ አንድ ሆነ። ካህኑ ፀሐይዋንና ግድግዳውን ተራ በተራ ያያሉ።

«ፈቃድ ከሁኔታው ታውቋል» አለ መዝገቡ። «ስርቆት አልተፈጸመም። ስርቆት ስለሌለ ሕገ ወጥ ስብስብም አነሳሽም የለም። አቶ ይበልጣል ሌባ አይደሉም። እንኳን ደስ አለዎት።»

ክቦቹ ጠፉ፣ ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። ሁለቱ ሽማግሌ ባልና ሚስት ተቃቀፉ። ይበልጣል ግን ጭልፋውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሌባ አይደሉም! ጥፊ ቢያቀምሱት ይሻለው ነበር። ታይቷል ማለት ነው። እያየችው፣ እያዘነችለት፣ እንካ ብላ በሆዷ ሰጥታው ነው የወጣው። ከአሥራ አንድ ሠርግ በኋላ፣ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ ለምኖ ከተሰጠው ሚዜ በምን ተለየ?

«ቆይ!» አለ ጮክ ብሎ። «ቆይ፣ እኔ እኮ…»

«የሚጨምሩት አለ፣ አቶ ይበልጣል?» አለ መዝገቡ።

ኪሩቤል ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ ያየዋል። ይበልጣል በሕይወቱ የዋጠው ቃል አልነበረውም፣ የመጣለትን ሁሉ ይናገር ነበር። ያን ዕለት ዋጠ።

«የለም» አለ። «ምንም የለኝም።»

ጋብቻው አምስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ተመዘገበ። ኪሩቤልና ኬታኪ እንደ አገሩ ወግ የጋብቻውን እሳት ዞሩ፣ አበባ ተበተነ፣ የሙሽሪት እህቶች በፊርማ የተሰጣቸውን ጫማ በፊርማ ሰረቁ። ይታይሽ ደግሞ ነጻ መውጣቷን በምን እንደምታከብር ታውቃለች። ከበሮዋን አንስታ በይበልጣል ፊት ቆመች፤

«እኛስ መስሎን ነበር ሌባ የወጣለት፣
ለካ የሙሽሪት እናት አይታ ተወችለት!»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ከዚያ በኋላ ሌላ ግጥም አላስፈለጋቸውም። በምሳው ላይ ይህንኑ ዘፈኑ፣ ከምሳ በኋላም ይህንኑ። ሕንዶቹ ዜማውን ያዙና አብረው ያጨበጭቡ ጀመር። ይበልጣል ሳቀ፤ ምን ያድርግ።

ከሰዓት በኋላ መኪኖቹ ሊነሱ ሲሉ ይበልጣል ኢላ ቤንን ሊሰናበት ማድ ቤት ገባ። ብቻዋን ነበረች።

«እትዬ ኢላ፣» አለ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አስጨነቅኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ካልነገሩኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። የት ላይ ነው ያዩኝ? ምኔን ነው ያዩት? እኔ እኮ ስገባ ጥላዬ እንኳ አልቀደመኝም።»

ኢላ ቤን ግድግዳውን አየች። ግድግዳው ይሰማል። በዚያ አገር ሐሰተኛ ምስክርነት የሚባል ሌላ ቃል ደግሞ አለ፤ ትርጉሙም ቀላል አይደለም። ምንም ሳትናገር እጁን ይዛ ወደ ምድጃው ወሰደችው። ጠዋት የቆመችበት ቦታ ላይ፣ ፊቱን ወደ መጥበሻው አዙራ አቆመችው። ይበልጣል ከዚያ ሆኖ ወደ መደርደሪያው ሊያይ አንገቱን ጠመዘዘ። አይታይም። ትልቁ የዱቄት በርሜል ከልሎታል። በሩም አይታይም። ከዚያ ቦታ ሆኖ የሚታየው ዘይትና ግድግዳ ብቻ ነው።

አፉን ከፍቶ ዞረ። ኢላ ቤን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች፤ ዓይኖቿ እንደ ልጅ ይስቃሉ።

ሰርቋል! አላየችውም! በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ስርቆት ባልተፈጸመባት ከተማ፣ ዕቃው ራሱ በሚናገርባት ከተማ፣ ይበልጣል ከባለቤቷ ጀርባ ጭልፋ ሰርቋል። እልል ሊል ደረሰ። ከዚያ ትዝ አለው፤ ይህን ከተናገረ ኢላ ቤን ወህኒ ትገባለች፣ ጋብቻው ይፈርሳል። ፍኖተ ሰላም ሆኖ ቢናገርም ወሬ እግር አለው። ጎንበስ ብሎ ሁለቱን እጆቿን ሳማት። እሷም ራሱን ዳበሰችው።

ማታ አውሮፕላኑ ውስጥ፣ የራት ሳህኑ ገና ሳይነሳ፣ ይታይሽ ከኋላ ወንበር ከበሮዋን መምታት ጀመረች። «አይታ ተወችለት!» አሉ ሴቶቹ። አራቱ ሚዜዎች ሳይቀሩ ተቀበሉ። አንዱማ ትከሻውን መታ አድርጎ «አይዞህ ይቤ፣ ዕድሜ ነው፣ ሁሉም ያረጃል» አለው።

የይበልጣል ደም ፈላ። ዘወር ብሎ ከወንበሩ ተነሳ፣ አፉን ከፈተ። ሁሉም ዘፈኑን አቁመው ምን እንደሚል ጠበቁ። ከፊት ወንበር ላይ ኬታኪ ራሷን ኪሩቤል ትከሻ ላይ ጥላ ተኝታለች፤ አፉ የተበላው ጭልፋ እቅፏ ውስጥ ነው።

ይበልጣል አፉን ዘጋ። ከዚያ ከሴቶቹ ጋር ማጨብጨብ ጀመረ።